በከተራ ሌሊት በእጄ ያስተካከልኩት ሰርቨር ጠዋት ለምን ተመልሶ ወደቀ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው፣ ማራኪ አካባቢ። ለጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል ማስያዣ ሲስተም እሠራለሁ። ሲስተሙ የሚሠራው ክላውድ ላይ በተከራየናቸው 3 ሰርቨሮች ነው። ኮንቴይነሮቹን (ፕሮግራሞቹ ታሽገው የሚሠሩባቸውን ጥቅሎች) የሚያስተዳድርልን ኩበርኔቲስ ነው። የትኛው ፕሮግራም በስንት ቅጂ ይሥራ፣ ስንት ሚሞሪ ይፈቀድለት የሚለው ሁሉ ጊት ውስጥ (የፋይል ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበት ቋት ነው) በፋይል ተጽፏል። ፋይሉ ላይ አዲስ ነገር በገባ ቁጥር አርጎ ሲዲ የሚባለው መሣሪያ ያነበዋል። ከዚያ ሰርቨሮቹን ከጽሑፉ ጋር ያስማማል።

ጥር 10፣ የከተራ ዕለት ሌሊት፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ከተማው በእንግዳ ጢም ብሏል። ሲስተሙ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። ሎጉን (ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ስከፍት 137 የሚል ቁጥር አየሁ፤ አጠገቡም ፕሮግራሙ ከተፈቀደለት ሚሞሪ በማለፉ ተገደለ ይላል። ገደቡ 512 ሜጋባይት ነበር። እዚያው በትእዛዝ ገብቼ 1 ጊጋባይት አደረግኩት። ሲስተሙ ተረጋጋ። 20 ደቂቃ ጠብቄ ተኛሁ።

በጥምቀት ጠዋት፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ባልደረባዬ የአንድ ማረፊያ ስልክ ቁጥር ስለተቀየረ አስተካክላ ጊት ላይ አስገባች። ሌላ ምንም አልነካችም። አርጎ ግን ሙሉውን ፋይል አነበበና ሚሞሪውን ወደ 512 መለሰው። ሲስተሙ እንደገና ወደቀ። የአንዱ ማረፊያ ተቀባይ ግራ ገብቷት በደብተር መመዝገብ ጀመረች። አንዱን ክፍል ለሁለት ቤተሰብ ሰጠችው። ከጥምቀተ ባሕሩ ስመለስ አንዲት እናት ነጭ እንደለበሰች፣ ሕፃን አዝላ፣ ሻንጣዋ አጠገቧ ሆኖ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር። ያ ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰው ሌሊት ያዳነውን ነገር መሣሪያ ጠዋት እንዲያፈርሰው መፍቀድ ትክክል ነው? እኔ የሚሠራ ሰርቨር በሰው እጅ መያዝ አለበት ባይ ነኝ። ተሳስቼ ከሆነ ንገሩኝ።

(ማስታወሻ፦ ክሩ፣ ማለትም ይህ ውይይት፣ ስለረዘመ በኋላ ለምትመጡ መልሶቹን በቁጥራቸው ተራ፣ በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1

መጀመሪያ የመለሰልኝ ሰው አይዞህ አለኝ። በበዓል ሌሊት ተነስቶ መሥራት ቀላል እንዳልሆነ ጠቅሶ፣ መሣሪያው ግን የታዘዘውን ብቻ እንዳደረገ በአንድ መስመር ጻፈ። የእናትየዋ ነገር እንዴት እንዳለቀም ጠየቀ። ጎረቤት ያለ ሌላ ማረፊያ ክፍል ተገኝቶላቸዋል።

መልስ 2

ሁለተኛው እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ነው። በደንብ አስረዳ። ኩበርኔቲስን ከድሮው አሠራር የሚለየው ትእዛዝ ተቀብሎ ፈጽሞ አለመሄዱ ነው አለ። እንዲኖር የተጻፈውንና አሁን ያለውን ሳያቋርጥ ያነጻጽራል። ልዩነት ካየ ያለውን ወደ ተጻፈው ይጎትታል። አርጎ ሲዲም ከላይ ሆኖ ጊት ላይ አዲስ ነገር በገባ ቁጥር ይህንኑ ያደርጋል፤ የእሱ መዝገብ ጊት ነው።

ምሳሌው ደስ አለኝ። የሠርግ ቤት በር ላይ የቆመ ዘበኛ የስም ዝርዝር ይዟል። አንተ ሌሊት በጓሮ አንድ ሰው አስገባህ፤ ስሙን ግን ዝርዝሩ ላይ አልጻፍክም። ጠዋት ዘበኛው ዝርዝሩን ሲያመሳክር ሰውየውን ያስወጣዋል። ዘበኛው ክፋት የለበትም። ሰውየውም ጥፋት የለበትም። የጎደለው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

መልስ 3

ይህኛው ኮስተር ብሎ ነው የመጣው። በግልጽ ተሳስተሃል አለኝ። በእጅ የተነካ ሰርቨር ማንም የማያውቀው ሰርቨር ነው፤ አንተ ብትታመም ወይ ስልክህ ቢዘጋ ባልደረባህ ምን አይታ ትሠራለች ብሎ ጠየቀ። ባልደረባዬ ላይ እንዳሳበብኩም ቆጠረው። እሷ ላይ አላሳበብኩም፤ ግን ጽሑፌን መልሼ ሳነበው እንደዚያ ሊመስል እንደሚችል ታየኝ። ፋይሉ ላይ 512 የሚለውን 1 ጊጋ ብሎ ለማስተካከል 2 ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር፣ አንተ ግን ተኛህ ብሎ ዘጋው።

መልስ 4

አንዲት እህት ለዚህ ጠንከር ያለ መልስ ሰጠች። እሷ የጤና ተቋም ሰርቨር የምትጠብቅ ናት። ሌሊት 8 ሰዓት ተጠርታ የማታውቅ ነፍስ ናት እንዲህ የምትናገረው አለች። ሰው እየጠበቀ፣ ስልክ እየጮኸ፣ መጀመሪያ የሚነካው የሚያድነው ነገር ነው። እጅን አትንኩ ማለት በእሳት ጊዜ መጀመሪያ ፎርም ሙሉ እንደማለት ነው ብላ ጻፈች።

ቀጥላ ግን የመልስ 3ን ግማሽ ተቀበለች። የራሷን ልማድም ነገረችን። የምትሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በእጅ የነካችውን ሁሉ ሰዓቱንና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ጊት ውስጥ ገብቶ እስኪሰረዝ ድረስ ላፕቶፗን አትዘጋም። ችግሩ ከባድ ከሆነ ለዚያ አንድ ፕሮግራም ብቻ የአርጎን በራስ ማስማማት ታጠፋለች፤ ነገሩ ሲያልቅ መልሳ ታበራለች። ማጥፋቷንም እዚያው ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ አጥፍቶ መርሳት ከሁሉም የባሰ ነውና።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ።

መልስ 5

የእኔ ነው። መልስ 3 እና 4ን አመሰገንኩ። የባልደረባዬ ጥፋት አለመሆኑን ግልጽ አደረግኩ።

መልስ 6

አንዱ አጭር ጥያቄ ጣለ። ሁላችሁም ስለ እጅና ስለ ጊት ትከራከራላችሁ፣ ሚሞሪው ለምን እንደሞላ ግን ማንም አልጠየቀም አለ። በዚያ ሌሊት ስንት ሰው ነበር ሲስተሙ ላይ?

እውነቱን ለመናገር ከክሩ ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር።

መልስ 7

እኔ ሄጄ አየሁ። የሰዉ ቁጥር ያን ያህል አልነበረም። ያልተለመደው ነገር ፎቶ ነው። ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ማረፊያዎቹ የክፍሎቻቸውን አዲስ ፎቶ በስልክ አንስተው ራሳቸው ጭነዋል። እንግዳ ገጹን ሲከፍት የእኛ ፕሮግራም ዋናውን ፎቶ ከፍቶ፣ አሳንሶ ይልክለታል። ይህን የሚያደርገው በእያንዳንዱ ጥያቄ፣ እንደገና ነው። ፋይሎቹ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ስለሆኑ 512 ሜጋባይትን እንዴት እንደሚሞሉ ግን አልገባኝም ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 8

ይህን የመለሰው ፎቶና ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ነው። ሰርቨር አያውቅም፣ ስሌቱን ግን አሳየን። ፋይሉ 4 ሜጋባይት የሆነው ስለታመቀ ነው። ፕሮግራሙ ለማሳነስ ሲከፍተው መዘርጋት አለበት። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው። ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲያዝ 48 ሚሊዮን ባይት ይመጣል። አስር ሰው በአንድ ጊዜ ከከፈተ 480 ሚሊዮን። ከዚያ በላይ ለፕሮግራሙ ራሱ ቦታ አልቀረም።

አንብቤ ስጨርስ ሒሳቡን በወረቀት ደገምኩት። ልክ ነው። ገደቡን ወደ 1 ጊጋ ማሳደጌ በሽታውን አልነካውም ማለት ነው፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣ ያው ነበር። አሁን ፎቶው ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ 1200 በ900 እናሳንሰዋለን። ሲዘረጋ ከ4 ሚሊዮን ባይት ትንሽ ይበልጣል። ገደቡን ወደ 512 መልሰነዋል፤ ከዚያ ወዲህ 137 የሚለውን ቁጥር አላየሁትም።

መልስ 9

ወንድሜ ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ግን ለሦስት ሰርቨር ኩበርኔቲስ ማለት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው አለኝ። እሱ ስድስት ሰርቨሮችን የሚያስተዳድረው በአንሲብል ነው። አንሲብል ሰርቨሮቹ ላይ የሚቀመጥ ተጨማሪ ፕሮግራም አይፈልግም፤ በኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከርቀት መግቢያ መንገድ) ይገባል፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ካለ ሥራውን ይሠራል። ምን እንደሚደረግ በአንድ ፋይል ይጻፋል፣ ሰው ሲያዘው ብቻ ይፈጽማል። ሲስተም ሲያሳድግ አንድ በአንድ እንዲሄድ ያዘዋል፤ አንደኛው ሰርቨር ሲበላሽ ሌሎቹን ሳይነካ ይቆማል። ፕሮግራም ቢወድቅ እዚያው ሰርቨር ላይ ያለው ጠባቂ፣ ሲስተምዲ የሚባለው፣ ያነሳዋል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ አለኝ።

አንድ ነገር ጨመረ፣ ልክ ነው ብዬም አምናለሁ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው መሣሪያ፣ ያ ሰው ሥራ የለቀቀ ዕለት ዕዳ ነው።

መልስ 10

አንዲት ልጅ ይህን አረመችው። አንሲብል ጥሩ ነው፣ ግን ተቆጣጣሪ አይደለም አለች። ስታዘው ይሠራል፣ ከዚያ ይተኛል። ሌሊት አንዱ ሰርቨር ቢሞት በላዩ የነበረውን ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚወስድ ማንም የለም። ሲስተምዲም የሚያነሳው ያው ማሽን ላይ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ከሞተ አብሮ ሞቷል። ሁለቱን ማወዳደር ጫኝን ከዘበኛ ጋር ማወዳደር ነው ብላ የመልስ 2ን ዘበኛ መልሳ አመጣችው።

መልስ 11

መልስ 9 ተናደደ። እዚህ አገር ሰዉ መሣሪያ የሚመርጠው ለሥራ ማመልከቻው እንዲያምርለት ነው ሲል ጻፈ። ትልልቆቹ ድርጅቶች በሺህ የሚቆጠር ሰርቨር አላቸው፣ እኛ ሦስት፣ ስድስት አለን፣ መተዋወቅ ጥሩ ነው አለ። ልጅቷንም ስንት ሌሊት ሰርቨር ጠብቀሽ ታውቂያለሽ አላት። ይህ አግባብ አልነበረም። እሷም መልስ አልሰጠችም። እኔ ግን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ያለችው ነገር ልክ ነበር።

መልስ 12

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ጋሼ ብለን ነው የምንጠራቸው፤ ጎርጎራ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ሁለታችሁም አትጣሉ አሉ። ኩበርኔቲስ የግሪክ ቃል መሆኑን፣ ትርጉሙም መርከብ የሚመራ ሰው መሆኑን ነገሩን። ጉግል ቦርግ በሚባል የውስጥ ሲስተሙ ለዓመታት ካገኘው ልምድ ተነስቶ በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሁሉም ክፍት ያደረገው ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት የወጣው በ2015 ነው። ሲነደፍ የታሰበው ለብዙ ማሽን እንደነበር ተቀበሉ። ኬ3ኤስን የመሰሉ ቀለል ያሉ ስሪቶች ግን ለትንሽ ቤት እንደሚሆኑ አስረዱ።

ከዚያ ስለ ጣና ነገሩን። በልጅነታቸው ከጎርጎራ ባሕር ዳር በጀልባ ይሄዱ ነበር። ነፋሱ ሲነሳ ጀልባዋን ወደ መስመሯ የሚመልሳት መሪው ነው፤ የት እንደምትደርስ ግን መሪው አይወስንም፣ ከመነሳቷ በፊት ተነግሮታል። የእኔ ፋይል 512 ይል ስለነበር መሪው ወደዚያ ወሰደኝ ማለታቸው ነው። መልስ 9ንም ልጅቷን ይቅርታ እንዲጠይቅ በእርጋታ ነገሩት። ጠየቀ።

መልስ 13

አንዱ እንግዲያው እኔ የተሻለ አለኝ ብሎ መጣ። ዋናውን መቆጣጠሪያ በሁለት ማሽን አድርጓል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል ብሎ ያምናል።

መልስ 14

የዩኒቨርሲቲው መምህር (መልስ 2) ወዲያው አስቆመው። ኤትሲዲ የተባለው የኩበርኔቲስ መዝገብ አንድ ነገር ከመጻፉ በፊት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መስማማት አለባቸው። ከሁለት ግማሽ በላይ ማለት ሁለቱም ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን ምንም መጻፍ አይችልም። በሁለት ማሽን መሥራት ከአንድ የባሰ ነው፤ ሊሞት የሚችለው ማሽን ሁለት ሆነ እንጂ የተረፈ ነገር የለም። ሦስት ሲሆኑ አንድ ቢሞት ይቀጥላል። አምስት ሲሆኑ ሁለት። ሽማግሌ ሲመረጥ በየወገኑ አንድ አንድ ተይዞ ሦስተኛ የሚጨመረው ለምን መሰላችሁ ብሎ ጨረሰ። መልስ 13 በዚያው ሳምንት ሦስተኛ ማሽን ጨመርኩ ብሎ ተመለሰ።

መልስ 15

አዘዞ ካለ ክሊኒክ የመጣው ታሪክ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። እዚያ ሰርቨሮቹ ክላውድ ላይ አይደሉም። ክሊኒኩ ውስጥ፣ ካርድ ክፍሉ ጥግ፣ ሦስት ማሽኖች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፋ። ዩፒኤሱ አለቀ። መብራት ሲመጣ ሁለቱ ተነሱ፣ ሦስተኛው ግን ከጓደኞቹ ጋር አልቀላቀል አለ። ማሽኑ በርቷል፣ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ዲስኩ ደህና ነው። ሎጉ ሰርተፍኬቱ (ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚተማመኑበት ዲጂታል መታወቂያ) ገና የሚጸናበት ጊዜ አልደረሰም ይላል። ባለሙያው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰርተፍኬት ሲቀይር ዋለ።

በመጨረሻ ሰዓቱን አየው። ማሽኑ ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት፣ ሞታለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ኢንተርኔትም ስላልነበረ ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ ማምጣት አልተቻለም። ማሽኑ ባለበት ዘመን ሰርተፍኬቱ ገና አልተሠራም፤ ስለዚህ ጓደኞቹን አላምንም አለ።

ባትሪውን ቀየሩ። ከሦስቱ አንዱን ማሽን የቤቱ ሰዓት ጠባቂ አደረጉት፤ ክሮኒ በሚባል ፕሮግራም ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ኢንተርኔት ቢጠፋም ሦስቱ እርስ በርስ ይስማማሉ።

ከዚህ በታች አንድ ሰው ኩብአድም በሚባለው የኩበርኔቲስ መትከያ የተተከለ ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ማሽኖች ቡድን) ሰርተፍኬቱ በየ1 ዓመቱ እንደሚያልቅ አስታወሰ። ስሪቱን በየጊዜው የሚያሳድግ ሰው አብሮ ይታደስለታል። ተክሎ የተወው ሰው ግን ዓመቱ የሞላ ዕለት መግባት ይከለከላል።

መልስ 16

የጤና ተቋሟ እህት (መልስ 4) በዚሁ ላይ ጨመረች። መብራት መጥቶ ኢንተርኔት ካልመጣ ሌላ ጣጣ አለ አለች። ብዙ ሰው ኮንቴይነሩን የሚጠራው በስሪት ቁጥር ሳይሆን የመጨረሻው በሚል ምልክት ነው። እንደዚያ ሲሆን ኩበርኔቲስ ኮንቴይነሩን ባስነሳ ቁጥር ከውጭ ለማረጋገጥ ይሄዳል። መስመር ከሌለ ዕቃው እጁ ላይ እያለ አላስነሳም ይላል። ስለዚህ የስሪቱን ቁጥር ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ከተቻለም ኮንቴይነሮቹን የምታስቀምጡበት የራሳችሁ መጋዘን ግቢ ውስጥ ይኑራችሁ አለች። እሷ ለዚህ የተጠቀመችው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው።

መልስ 17

የሰዓት ነገር ከተነሳ ብሎ አንዱ የራሱን አመጣ። ሙሉ ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ አዘዘ፤ ሰዉ ሁሉ በተኛበት። ፋይሉ ላይም 8 ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የእሱ 8 በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሆነ። በየቀኑ 5 ሰዓት ላይ፣ ሥራ በሚበዛበት፣ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል፤ ለሳምንታት ኔትወርኩን ሲወቅሱ ነበር። መጻፍ የነበረበት 23 ነው። በአዲሶቹ የኩበርኔቲስ ስሪቶች ላይ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል በስሙ መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ 2 ብሎ መጻፍ ይበቃል። እዚያ ላይም ቢሆን የእኛን 8 ወደ 2 የሚቀይረው ሰው ነው።

መልስ 18

ክሩ ከመንገዱ የወጣው እዚህ ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። የደምቢያ ገበሬ ልጅ ነኝ ያለ ወጣት ጻፈ። በሙያው አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ ሰርቨርን እንደ መንጋ ከብት ያዙት፣ ስም አትስጡት፣ ሲታመም አስወግዳችሁ ሌላ ተኩ የሚል። ይህን ያለ ሰው ከብት አርብቶ አያውቅም አለ። አባቱ ሁለት በሬ አላቸው፣ ወይኖ እና ቡሬ። ወይኖ በግራ በኩል ካልተጠመደ አያርስም። ትንሽ ሲያነክስ አባቱ ከቤት ሆነው በኮቴው ድምፅ ያውቃሉ። ሦስት ሰርቨር ያለው ሰው እንደዚህ ቢያውቃቸው ምን ይጎዳል ብሎ ጠየቀ።

መልስ 19

ልጅቷ (መልስ 10) ተመልሳ መጣች። ደስ አለኝ። አባትህ አምስት መቶ በሬ ቢኖራቸው ስማቸውን አይዙትም ነበር ብላ ጀመረች። ቀጥላ ግን ኩበርኔቲስም ስም የሚሰጥበት ቦታ እንዳለው አሳየችው። ገጽ የሚያሳየው ፕሮግራም ስም የለሽ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል። ዳታቤዝ ግን ቋሚ ስምና የራሱ ዲስክ ይሰጠዋል። ማሽኑ በድንገት ድምፁ ቢጠፋ ኩበርኔቲስ ዳታቤዙን ቸኩሎ ሌላ ቦታ አያስነሳም። ማሽኑ ሞቶ ይሁን መስመሩ ብቻ ተቆርጦ ይሁን አያውቅምና። ሁለት ሰው በአንድ የሒሳብ መዝገብ ላይ ሳይተያዩ ቢጽፉ ምን እንደሚሆን አስቡት አለች። ማሽኑ በእርግጥ መጥፋቱን አይቶ ዳታቤዙን የሚለቀው ሰው ነው።

መነሻ ጥያቄዬን በትክክል የመለሰልኝ ይህ ይመስለኛል። የሰው እጅ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ ግን እኔ የነካሁት ቦታ አልነበረም።

መልስ 20

ሌላው ቴራፎርም ስለሚባል መሣሪያ ጻፈ። ሰርቨሮቹን የተከራየው በእሱ ነው። መሣሪያው ምን ምን እንደፈጠረ የሚመዘግብበት ፋይል ግን አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ሻይ ፈሰሰበት። ሰርቨሮቹ ክላውድ ላይ እየሠሩ ነው፣ ቴራፎርም ግን ምንም የለም ብሎ ሁሉንም እንደ አዲስ ሊፈጥር ተነሳ። ደግነቱ ዕቅዱን ሳያነብ አላጸደቀም። እያንዳንዱን ሰርቨር አንድ በአንድ ወደ መዝገቡ መልሶ ለማስገባት ሦስት ቀን ፈጀበት። ፋይሉ የጋራ ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ ይቆለፍ፣ ቅጂ ይኑረው አለ። አንድ ሰው የቴራፎርም ፈቃድ በ2023 መቀየሩንና ኦፕንቶፉ የተባለው ከዚያ ተገንጥሎ መውጣቱን አንስቶ ሌላ ክርክር ሊከፍት ሞከረ፤ ብዙም አልሄደም።

መልስ 21

ጋሼ ተመለሱ። ይህን ሁሉ ስንጽፍ ሆን ብሎ አንድ ማሽን አጥፍቶ ያየ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሁለት ዓይነት አጠፋፍ እንዳለም ነገሩን። አንደኛው በሥርዓት ነው፤ ማሽኑ አዲስ ሥራ እንዳይቀበል ይዘጋል፣ በላዩ ያለው ወደ ሌላ ይሸኛል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሁለተኛው ገመዱን መንቀል ነው። መብራት የሚጠፋው በሁለተኛው መንገድ ስለሆነ እሱን ተለማመዱ አሉ። በደንበኛ ሰርቨር ላይ ግን እንዳትጀምሩ።

መልስ 22

የእኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ሦስት አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ኬ3ኤስ ተከልኩ። የማስያዣ ገጻችንን በሁለት ቅጂ አስነሳሁበት። ታናሽ እህቴ የስልኳን ሰዓት ይዛ ተቀመጠች። ከሦስቱ አንዱን፣ ዋናው ያልሆነውን፣ ገመዱን ነቀልኩት።

ገጹ አልቆመም፤ ሌላው ቅጂ ይዞታል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑ ዝግጁ አይደለም የሚል ምልክት ወጣ። ከዚያ ምንም የለም። እህቴ ተበላሸ እንዴ አለችኝ። ጠብቂ አልኳት። 2 ደቂቃ፣ 3 ደቂቃ። ስድስተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል አዲሱ ቅጂ ሌላ ማሽን ላይ ተነሳ። አምስቱ ደቂቃ በቅንብሩ ውስጥ ያለ ትዕግሥት ነው፤ ማሽኑ ሊመለስ ይችላል ብሎ ይጠብቃል። ለገጹ ወደ 30 ሰከንድ ዝቅ አደረግኩት። በእጄ አይደለም፤ ፋይሉ ላይ ጽፌ ጊት ውስጥ አስገብቼ። ዳታቤዙን አልነካሁትም።

ገመዱን መልሼ ስሰካው ማሽኑ ተነሳ፣ ግን አልቀላቀል አለ። ሎጉን ሳልከፍት ቀኑን አየሁ። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ክዳኑን ፈትቼ ክቧን ባትሪ በጥፍሬ አወጣኋት።

መልስ 23

አዲስ የመጣ ሰው ያቺን ባትሪ ጎንደር ውስጥ የት እንደሚያገኝ ጠየቀ። የአዘዞው ባለሙያ ፒያሳ ያሉ ሰዓት ጠጋኞች ጋ አለች አለው፤ ማሸጊያዋ ያልተከፈተ መሆኑን አይተህ ግዛ፣ ሦስት ማሽን ካለህም ሦስት ግዛ።